ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ እንጦጦ፤ በብስክሌት ጉዞ የሚመዘገቡ የከፍታና የፍጥነት ልኬቶች ትክክለኛነት



ሁለት ወጣት ብስክሌተኞች ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥተው ጎን ለጎን እየነዱ እንጦጦ ማርያም ደረሱ እንበል። መንገዳቸው አንድ ነው፤ የተነሡበትና የደረሱበት ሰዓትም አንድ ነው። ከላይ ሲደርሱ ግን የአንደኛው መሣሪያ የወጣኸው ዳገት 622 ሜትር ነው ሲለው፣ የሁለተኛው መሣሪያ ደግሞ 790 ሜትር ነው ይለዋል። ሁለቱ ልጆች ቢሣሣቁ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ነገር ግን መዝገባቸው ሩቅ ላለ አሠልጣኝ ቢላክና አሠልጣኙ ልጆቹን ሳያይ በቁጥሩ ብቻ ቢፈርድ፣ ሁለተኛው ይመረጣል፤ አንደኛው ይቀራል። ሁለቱም ያፈሰሱት ላብ ግን እኩል ነበር።

ይህ ምሳሌ ለአስረጅ ያህል የተፈጠረ ቢሆንም ልዩነቱ የተጋነነ አይደለም። በዘመናችን የብስክሌት ጉዞ መዝገብ ከመዝናኛነት አልፎ የሥራ ማስረጃ እየሆነ መጥቷል። አሠልጣኝ ስፖርተኛን ይመዝንበታል፤ መሐንዲስ ለብስክሌት መንገድ የሚሆነውን ዳገትና ቁልቁለት ይገምትበታል፤ ሐኪምም የልብን ሥራ ከተወጣው ከፍታ ጋር ያመዛዝንበታል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ከሜክሲኮ በሣር ቤት በኩል ወደ ጎተራና ወሎ ሰፈር የሚሄደውን ጨምሮ በአያሌ መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር ስለ ተዘረጋ፣ የሚመዘገበው ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህልም እንደሚታመን መመርመር የልኬት ሙያ ያላቸው ሰዎች ግዴታ ነው።

ስለ ከፍታ ትርጉም

በመሠረቱ ከፍታ ማለት ከአንድ ከታወቀ ወለል ወደ ላይ ያለ ርቀት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ወለሉ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ነው። አዲስ አበባ በመካከሏ 2,355 ሜትር ያህል ከፍታ አላት ሲባል ወለሉ የባሕር ጠለል ነው። ባሕሩ ግን ከተማይቱ ሥር የለም። የባሕሩ ወለል በምድር ስበት እየተመራ በየብስ ሥር ቢቀጥል ኖሮ የሚይዘውን ቅርጽ በስሌት ማግኘት ያስፈልጋል። ይህ ቅርጽ ለስላሳ እንቁላል ሳይሆን ወጣ ገባ ያለው ነው፤ ለሳተላይት ስሌት ከሚያገለግለው ለስላሳ የምድር ቅርጽ ጋር ሲነጻጸር በሕንድ ደቡብ ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ፣ በኒው ጊኒ አካባቢ ደግሞ ከ80 ሜትር በላይ ከፍ ይላል።

በኢትዮጵያ ከፍታን በመሣሪያ መለካት የቆየ ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ገደማ ከምጽዋ እስከ ከፋ ሲጓዝ የተራሮችን አቅጣጫ በመነጽራዊ የማዕዘን መለኪያ እየወሰደ፣ የየቦታውን ከፍታ ደግሞ ውሃ በሚፈላበት የሙቀት መጠን ያሰላ ነበር። ይህ ዘዴ ዛሬም ለማንም ባለ ወጥ ቤት የሚገባ ነው። በባሕር ዳርቻ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላውም ለመብሰል የሚቆየው ስለዚህ ነው። ምክንያቱም ከፍ በተባለ ቁጥር ከላይ የሚጫነው አየር ይቀንሳል። ዛሬ በብስክሌት መሪ ላይ የሚታሰረው ትንሽ ኮምፒዩተርም በውስጡ ባለ ጥቃቅን የአየር ግፊት መለኪያ የሚሠራው በዚሁ በዳባዲ ዘመን በታወቀ ሕግ ነው። መሣሪያው ረቀቀ እንጂ ሕጉ አልተለወጠም፤ ከሕጉ ጋር የመጣው ስሕተትም አልተለወጠም።

አየሩ የሚናገረው

በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት በአንድ ሚሊባር ሲቀንስ ከፍታው 8.3 ሜትር ያህል ጨምሯል ማለት ነው። በአዲስ አበባ ግን አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ግፊቱም ወደ 760 ሚሊባር የሚጠጋ ስለሆነ፣ ያው አንድ ሚሊባር 11 ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ በግፊት መለኪያው ላይ የሚደርሰው ማናቸውም መዛባት በባሕር ዳርቻ ካለው ይልቅ በዚህች ከተማ በሜትር ሲቆጠር አንድ ሦስተኛ ያህል ይበልጣል።

የመጀመሪያው መዛባት ከሰዓቱ የሚመጣ ነው። በምድር ወገብ አቅራቢያ ባሉ አገሮች የአየር ግፊት በየቀኑ እንደ ባሕር ማዕበል ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። ከጧቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ2 እስከ 3 ሚሊባር ያህል ነው። ይህም ማለት በ4 ሰዓት ከሜክሲኮ አደባባይ የተነሣ ብስክሌተኛ በ10 ሰዓት ወደ አደባባዩ ሲመለስ፣ መሣሪያው አደባባዩን ከጧቱ ይልቅ ከ20 እስከ 30 ሜትር ከፍ አድርጎ ሊያሳየው ይችላል ማለት ነው። አደባባዩ ግን ከቦታው አልተነሣም። በክረምት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚወዛወዝ ስሕተቱ በድንገት ይገባል።

ሁለተኛው መዛባት ከሙቀት የሚመጣ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። መሣሪያው ግፊትን ወደ ሜትር የሚለውጠው ለአውሮፕላን አገልግሎት በተወሰነ አንድ መደበኛ የአየር ሠንጠረዥ ነው። በዚያ ሠንጠረዥ መሠረት በባሕር ጠለል ላይ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሆኖ በየ1,000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ሠንጠረዡ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ገደማ ነው ብሎ ያምናል። የከተማይቱ ነዋሪ ግን በቀን 16 ወይም 20 ዲግሪ ውስጥ እንደሚኖር ያውቃል። ሞቃት አየር የተስፋፋ አየር ስለሆነ፣ አንድ ሚሊባር ግፊት ለመቀነስ ብስክሌተኛው ሠንጠረዡ ከሚለው የበለጠ መውጣት አለበት። ውጤቱም መሣሪያው እውነተኛውን ዳገት በመቶ 6 ያህል አሳንሶ መመዝገቡ ነው። አብራሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ በሞቃት አየር ከፍታ መለኪያቸው ከእውነተኛው በታች እንደሚያነብ ይማራሉ። ብስክሌተኛው ግን ይህን የሚነግረው የለም።

በመነሻው ላይ መሣሪያውን ከታወቀ ከፍታ ጋር ማስተካከል ይህን ሁለተኛ ስሕተት አያጠፋውም። ማስተካከያው መነሻውን ያቀናል እንጂ መስፈሪያውን አያቀናም። ጫፉ በትክክል የተቀመጠ፣ ነገር ግን ክንዱ ያጠረ ሜትር እንደ መያዝ ያህል ነው።

ሦስተኛው መዛባት ከነፋስ ይመጣል። ከእንጦጦ ቁልቁል በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌተኛ ፊት ለፊት የሚመታው ነፋስ እስከ 0.9 ሚሊባር የሚደርስ ተጨማሪ ግፊት አለው። የግፊት መለኪያው ቀዳዳ ነፋሱ ፊት ለፊት በሚያገኘው በኩል ከሆነ መሣሪያው እስከ 10 ሜትር ዝቅ ብሎ ሊያነብ ይችላል፤ ነፋሱ እየሳበ በሚያልፍበት ጎን ከሆነ ደግሞ ከፍ ብሎ ያነባል። ቀዳዳውን የዝናብ ጠብታ ወይም ጭቃ ሲዘጋው ከፍታው ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ይቀርና በኋላ በአንድ ጊዜ ይዘላል።

ሳተላይቱ የሚናገረው

የግፊት መለኪያ የሌላቸው መሣሪያዎችና አያሌ የእጅ ስልኮች ከፍታን የሚያሰሉት በጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ነው። እ.ኤ.አ. እስከ ግንቦት 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚላከውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለ ነበር የቦታ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። መዛባቱ ከተነሣ ወዲህ ግልጥ ሰማይ ባለበት የእጅ ስልክ አግድም ስሕተት 5 ሜትር ያህል ሆኗል። የከፍታው ስሕተት ግን ከአግድሙ ይብሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በአግድም ሳተላይቶች ከምሥራቅም ከምዕራብም፣ ከሰሜንም ከደቡብም ስለሚገኙ ስሕተቶቻቸው እርስ በርስ ይጣፋሉ። በከፍታ ግን ሳተላይት ያለው ከላይ ብቻ ነው፤ ከታች በኩል ምድር ስለምትጋርድ ሚዛኑን የሚጠብቅ የለም።

ሜክሲኮ አደባባይ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። የቀላል ባቡሩ ድልድይ ሰማዩን ይከፍለዋል። ከአካባቢው ብዙ የማይርቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የተመረቀውና ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ሁለቱም የሰማይን አንድ ወገን የሚሸፍኑ ናቸው። በመስታወት የተለበጠ ሕንፃ የሳተላይቱን ምልክት እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ ይልከዋል። መሣሪያው ቀጥታ የመጣውንና ተንጸባርቆ የመጣውን መለየት ሲያቅተው፣ የተንጸባረቀው ረዥም መንገድ ስለ ሄደ ብስክሌተኛውን ከቦታው ያርቀዋል። ስለዚህ በድልድዩ ሥር የትራፊክ መብራት የሚጠብቅ ሰው አንድ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ቆሞ ሳለ በመዝገቡ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ፣ ሲወጣና ሲወርድ ይታያል።

ካርታው የሚናገረው

አንዳንድ ፕሮግራሞች መሣሪያው የመዘገበውን ከፍታ ትተው ቦታውን ብቻ በመውሰድ ከፍታውን ከዲጂታል ካርታ ያነባሉ፤ ይህንንም «እርማት» ብለው ይጠሩታል። ለአፍሪካ በብዛት የሚያገለግለው ካርታ ኤንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በ11 ቀን ጉዞ በራዳር ያነሣችው ነው። ሥራው ታላቅ ነው፤ ከዓለም የብስ 80 በመቶ ያህሉን ሸፍኗል። ይሁንና በ30 ሜትር ካሬ ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንድ ቁጥር የሚወክል፣ የታቀደለትም የከፍታ ትክክለኛነት 16 ሜትር የሆነ ካርታ ነው።

በሜክሲኮና በእንጦጦ መካከል ይህ ካርታ ሁለት ዓይነት ስሕተት ያመጣል። አንደኛው ከባሕር ዛፍ የሚመጣ ነው። ራዳሩ ያየው በብዙ ቦታ መሬቱን ሳይሆን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መተከል የጀመረውን ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ በዛፎች መካከል የሚያልፈው መንገድ በካርታው ላይ ከዛፎቹ ቅርንጫፍ ጋር እኩል ከፍ ይላል። ደን በተቆረጠበት ዝቅ፣ ባልተቆረጠበት ከፍ እያለ በእውነቱ የሌለ ዳገትና ቁልቁለት ይፈጥራል። ሁለተኛው ከድልድይ የሚመጣ ነው። ከካዛንቺስ ወደ ቀበና የሚሄድ ብስክሌተኛ ወንዙን የሚሻገረው በድልድይ ላይ ነው። ካርታው ግን ድልድዩን ስለማይለይ ብስክሌተኛውን ወደ ወንዙ ገደል ያወርደውና በማዶ ያወጣዋል። የእርማቱ ፕሮግራም ይህንንም እንደ ተወጣ ዳገት ይቆጥረዋል።

ከዚህ ሌላ ለሙያው ሰዎች የታወቀ አንድ ችግር አለ። በኢትዮጵያ በ1:50,000 መስፈርት የታተሙት ካርታዎች የኮንቱር ርቀታቸው 20 ሜትር ሲሆን፣ የተሠሩትም አዲንዳን በተባለው የጂኦዴሲ መነሻ ላይ ነው። የጂ.ፒ.ኤስ. ቦታ ግን በሌላ መነሻ ይሰላል። ሁለቱን ሳያዛምድ የጉዞ መስመሩን በቀጥታ በካርታው ላይ የሚስል ሰው መንገዱን ከ100 ሜትር በላይ ያዛውረዋል። በሜዳ ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም። በእንጦጦ ገመገም ላይ ግን አሥራት ሜትሮች የሚቆጠር የከፍታ ስሕተት ያስከትላል።

ስለ ጠቅላላ ዳገት

እስካሁን የተነገረው በአንድ ነጥብ ላይ ስላለ ከፍታ ነው። ብስክሌተኞች የሚኮሩበት ቁጥር ግን ጠቅላላ ዳገት፣ ማለትም በጉዞው ሁሉ የተወጣው ሽቅብ ድምር ነው። ይህ ድምር አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ስሕተትን ማጠራቀሙ ነው። በተራ ልኬት ወደ ላይ የተሳተውና ወደ ታች የተሳተው ይጣፋሉ። በጠቅላላ ዳገት ግን ወደ ላይ ያለው ብቻ ስለሚደመር፣ ወደ ታች ያለውም ስለሚጣል፣ ስሕተቱ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ይከማቻል። የቆመ መሣሪያ በየ10 ሴኮንዱ አንድ ሜትር ከፍ፣ አንድ ሜትርም ዝቅ ቢል በአንድ ሰዓት ውስጥ 360 ሜትር ዳገት ይመዘግባል። ባለቤቱ ግን ቡና እየጠጣ ተቀምጧል።

ይህን ለመከላከል ፕሮግራሞቹ አንድ ገደብ ያበጃሉ፤ ለምሳሌ ከ3 ሜትር ያነሰ ለውጥ አይቆጠርም ይላሉ። ገደቡ ሲጠብ የውሸት ዳገት ይገባል፤ ሲሰፋ ደግሞ እውነተኛው ትንሽ ዳገት ይጠፋል። ስለሆነም ከአንድ መዝገብ ሁለት ፕሮግራሞች ሁለት ልዩ ልዩ ድምር ቢያወጡ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም። የተጠየቁት ጥያቄ አንድ አልነበረም። ገደቡ ያልተገለጸ ጠቅላላ ዳገት አሀዱ ያልተጻፈለት ቁጥር ያህል ነው። በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው 790 ሜትርም የዚህ ውጤት ሊሆን ይችላል። ልጁ በጂ.ፒ.ኤስ. የሚሠራ ስልክ ይዞ ነበር፤ ስልኩም የሕንፃውን ማሚቶና የዛፉን ጥላ ሁሉ እንደ ዳገት ደመረለት።

የዳገቱን መጠን በመቶኛ ማስላትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። በ20 ሜትር ርቀት ላይ የ2 ሜትር የከፍታ ስሕተት ሜዳውን 10 በመቶ ዳገት ያደርገዋል። በ200 ሜትር ላይ ግን ያው ስሕተት 1 በመቶ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ለብስክሌት መንገድ ጥናት ከአጭር ክፍል የተገኘ የዳገት መቶኛ ሊታመን አይገባውም፤ የቀያሽ ሌቭል የሚተካው ነገር በዚህ ረገድ ገና አልተገኘም።

ስለ ፍጥነት

ፍጥነትን በመለካት ረገድ ነገሩ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ፍጥነቱ በየትኛው መንገድ እንደ ተገኘ ማወቅ ያስፈልጋል። ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የጎማውን ዙር መቁጠር ነው። የተለመደው የእሽቅድምድም ብስክሌት ጎማ በአንድ ዙር 2.1 ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህ ቁጥር በ1 ሴንቲ ሜትር ቢሳሳት ፍጥነቱም ርቀቱም በመቶ ግማሽ ያህል ይሳሳታል፤ በ40 ኪሎ ሜትር ጉዞ ላይ 190 ሜትር ገደማ ይሆናል። የጎማው ነፋስ ሲቀንስ ወይም ነጂው ከባድ ሲሆን ጎማው ስለሚተኛ የሚሄደው ርቀት ያጥራል። ስለዚህ በጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከመውሰድ ይልቅ፣ ጎሚስታው ነፋሱን ከሞላ በኋላ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ሰው ተቀምጦበት 10 ዙር በቀጥታ መንገድ መግፋትና ርቀቱን በሜትር ለክቶ ለ10 ማካፈል ይበጃል። ሥራው ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ሁለተኛው መንገድ የሳተላይት ቦታዎችን ማነጻጸር ነው። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌተኛ በአንድ ሴኮንድ 5 ሜትር ይጓዛል። በሁለት ተከታታይ ነጥቦች መካከል የ1 ሜትር ስሕተት ቢገባ ፍጥነቱ 14.4 ወይም 21.6 ሆኖ ይታያል። ሦስተኛው መንገድ የሳተላይቱ ምልክት ድግግሞሽ በእንቅስቃሴ ምክንያት የሚያሳየውን ለውጥ፣ ማለትም የዶፕለርን ውጤት መለካት ነው። የባቡር ጥሩምባ ሲቀርብና ሲርቅ ድምፁ እንደሚለወጥ ያለ ነው። ግልጥ ሰማይ ባለበት ይህ ዘዴ ከሁለተኛው እጅግ የተሻለ ነው።

ከፍጥነት መዝገቦች ሁሉ ደካማው «ከፍተኛ ፍጥነት» የሚባለው ነው። በሺሕ ከሚቆጠሩ ሴኮንዶች ውስጥ ትልቁን ቁጥር መምረጥ ማለት ብዙ ጊዜ ትልቁን ስሕተት መምረጥ ማለት ነው። አማካይ ፍጥነትም የራሱ ወጥመድ አለው። 12 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት የሄደና ከዚህ ውስጥ 15 ደቂቃ በትራፊክ ላይ የቆመ ሰው፣ የቆመበት ሲቆጠር በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር፣ የቆመበት ሲቀነስ ደግሞ 16 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ስማቸው ግን አንድ ሊሆን አይገባም። በአንጻሩ ብዙ ሰው የሚፈራው የዳገት ውጤት ቀላል ነው። የሳተላይት ርቀት አግድም ብቻ ቢሆን እንኳ በ10 በመቶ ዳገት ላይ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚጎድለው 5 ሜትር ብቻ ነው።

ሁለቱ ሜክሲኮዎች

አደባባዩ በሜክሲኮ የተሰየመው ያች አገር የፋሽስት ኢጣልያን ወረራ ሳትቀበል የቀረች ወዳጅ ስለሆነች ነው። በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ የተሰየመ አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ሁለቱን ከተሞች የሚያስተሳስራቸው ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ከፍታ ነው። ሜክሲኮ ከተማ በ2,240 ሜትር ላይ የምትገኝ ስትሆን አዲስ አበባ ከእርሷም ትበልጣለች።

እ.ኤ.አ. በ1968 በዚያች ከተማ በተደረገው ኦሎምፒክ ማሞ ወልዴ በማራቶን ሲያሸንፍ፣ ኢትዮጵያ በብስክሌትም ተወዳዳሪዎችን አሰልፋ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት ወር 1972፣ የቤልጂጉ ኤዲ መርክስ ከባሕር ጠለል አጠገብ ያሉትን መሮጫዎች ትቶ ወደ ሜክሲኮ ከተማ በመሄድ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። የመረጠው ስስ አየርን ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ የሚገጥመው የአየር መከላከያም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በሌላ በኩል ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚያንስ የነጂው ጉልበት ይቀንሳል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ የመርክስ መዝገብ ዛሬም ያለ ክርክር የሚታመነው ርቀቱ በሚታወቅ መሮጫ ላይ በዙር ቆጠራ፣ ጊዜውም በሰዓት ስለ ተለካ ነው። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኢትዮጵያን ወክለው ሲወዳደሩም ሚዛኑ የተለካ መንገድና ሰዓት ብቻ ነበር። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ በትክክል ቢለካም እንኳ ትርጉሙ ከቦታው ጋር ይለወጣል። ከፍጥነትና ከዳገት ተነሥተው የነጂውን ኃይል የሚገምቱ ፕሮግራሞች የባሕር ጠለል አየርን የሚወስዱ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ ሜዳ ላይ የሚነዳውን ልጅ ከአቅሙ በላይ ያሞግሱታል፤ የግፊት መለኪያው ደግሞ በዳገቱ ላይ 6 በመቶ ይሰርቀዋል።

ልኬቱን ስለ መዝጋት

መፍትሔው አዲስ አይደለም፤ ቀያሾች ከጥንት ጀምሮ የሚሠሩበት ነው። ቀያሽ ከታወቀ ነጥብ ተነሥቶ ወደዚያው ነጥብ ይመለሳል፤ የመዝጊያውንም ስሕተት አይቶ በመንገዱ ላይ ያከፋፍላል። የብስክሌት ጉዞም ከቤት ወጥቶ ወደ ቤት የሚመለስ ስለሆነ በተፈጥሮው የተዘጋ ዙር ነው።

የመጀመሪያውን ልጅ መዝገብ እንውሰድ። የሜክሲኮ አደባባይ ከፍታ ለምሳሌ ያህል 2,350 ሜትር ነው ተብሎ መሣሪያው በ4 ሰዓት ተስተካከለ። በ5 ሰዓት ተኩል እንጦጦ ላይ 2,972 አነበበ። በ8 ሰዓት ወደ አደባባዩ ሲመለስ ደግሞ 2,368 አነበበ። አደባባዩ ስላልተነሣ 18ቱ ሜትር የአየሩ ነው። በ4 ሰዓት ጉዞ ውስጥ 18 ሜትር ከሆነ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ 7 ሜትር ያህል ይሆናል። ከ2,972 ላይ 7 ሲቀነስ 2,965 ይቀራል፤ ከመነሻው ያለው ልዩነትም 615 ሜትር ይሆናል። ቀጥሎ የሙቀቱ እርማት ይደረጋል። በጥላ ሥር የተለካው አማካይ ሙቀት 15 ዲግሪ፣ ማለትም ከፍጹም ዜሮ ሲቆጠር 288 ነው። ሠንጠረዡ በዚያ ከፍታ የሚገምተው 271 ነው። 615 በ288 ተባዝቶ ለ271 ሲካፈል 654 ሜትር ይገኛል። ስለዚህ መሣሪያው 622 ያለው ዳገት በእውነቱ 654 ሜትር ያህል ነው። አየሩ በእኩል እርምጃ ስለማይለዋወጥ ከዚህ ላይ የ10 ሜትር መጠራጠሪያ መተው ይገባል። በመካከል በታወቀ ነጥብ ላይ ቆሞ ማንበብ ቢቻል መጠራጠሪያው ይጠባል።

የሁለተኛው ልጅ 790 ሜትር ግን በዚህ መንገድ ሊታረም አይችልም። የመጀመሪያው ስሕተት ሥርዓት ያለው ስለሆነ ምክንያቱ ሲታወቅ ይወጣል። የሁለተኛው በዘፈቀደ የተጠራቀመ ስለሆነ የትኛው ሜትር እውነት፣ የትኛው ማሚቶ እንደ ሆነ መለየት አይቻልም። ማድረግ የሚቻለው ልጁ ከጓደኛው ጎን እንደ ነዳ ማስታወስና ለእርሱም 654 ሜትር መጻፍ ብቻ ነው። ያኔ ሁለቱ ልጆች እንደ ላባቸው እኩል ይሆናሉ።

መደምደሚያ

የተከበራችሁ አባሎች፤

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር ጥቂት ነው። የከፍታ መዝገብ የሚቀርብ ከሆነ በምን መሣሪያ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ሙቀት እንደ ተወሰደ፣ መነሻውና መድረሻውም ሲዘጋ ምን ያህል ልዩነት እንዳሳየ አብሮ ይጻፍ። ጠቅላላ ዳገት ከነገደቡ ይቅረብ። የፍጥነት መዝገብ የጎማውን ልክ ወይም የሳተላይቱን ዘዴ ይግለጽ፤ የአንድ ሴኮንድ ከፍተኛ ፍጥነት ለማስረጃነት አይቅረብ። ለመንገድ ሥራ የሚሆን ልኬት በሌቭል ይረጋገጥ። በአንድ መሣሪያ ያልተለኩ ሰዎች በቁጥር አይወዳደሩ።

ብስክሌት መንዳት ደስታ ነው፤ ቁጥሩም ለደስታ ከሆነ 622 ሆነ 790 ማንንም አይጎዳም። በቁጥሩ ሰው ሲመረጥና ሲጣል፣ መንገድ ሲቆረጥና ገንዘብ ሲመደብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ «መሣሪያው እንዲህ ይላል» የሚለው መልስ አይበቃም። መሣሪያው የሚናገረው ስለ አየር ግፊት፣ ስለ ሳተላይት ምልክትና ስለ ጎማ ዙር ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ዳገቱን የሚናገረው፣ ለተናገረውም የሚጠየቀው ባለሙያው ነው።